ለምርቃቴ ድንኳን ልትጥል ነው፤ እኔ ግን ዋሽቻታለሁ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ፣ ሮቢት ሰፈር ከአያቴ ጋር እኖራለሁ፤ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስላረፈ ያሳደጉኝ እናቴና አያቴ ናቸው። እናቴ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ የመጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የእኔ ደብተርና ልብስም፣ የአያቴ የደም ግፊት መድኃኒትም የሚሸፈነው እሷ በምትልከው ገንዘብ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ በኢሞ እንነጋገራለን። ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ ስለ ትምህርቴ ነው። በመጀመሪያው ሞዴል ፈተና 41 በመቶ አመጣሁ። በዚያ ማታ እናቴ ወገቧን አሟት ድምፅዋ ደክሞ ነበርና ላስደስታት ብዬ «74 አመጣሁ» አልኳት። ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። በሁለተኛው ሞዴል 46 ሳመጣ «78» አልኳት፤ ከ74 ወርጄ መናገር አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እናቴ ሰኔ ላይ የአንድ ወር ፈቃድ ወስዳ ልትመጣ፣ ድንኳን ልታስጥል፣ በግ አሳርዳ ጎረቤቱን ሁሉ ልትጠራ ነው። ለአሠሪዎቿ ሳይቀር «ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው» ብላ ነግራቸዋለች። የትምህርት ቤታችን የምርቃት ኮሚቴ ለጋዎን ኪራይ፣ ለመጽሔትና ለፎቶ 3,500 ብር እንድናዋጣ ጠይቆናል። እሷም ወዲያው ላከችልኝ። እኔ ግን እስካሁን አልከፈልኩትም፤ ፍራሼ ሥር አለ።

የምወደው ሥራ ሌላ ነው። ከትምህርት መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ጋ እሠራለሁ። ከኮምቦልቻ የተቃጠለ ሞተር ሲመጣ አሮጌውን ሽቦ ቆርጬ አወጣለሁ፣ ዙሩን ቆጥሬ እመዘግባለሁ። አሁን አሁን ትንንሽ የውኃ ፓምፕ ሞተሮችን ብቻዬን ጠቅልዬ እጨርሳለሁ። ፖሊ ቴክኒክ ገብቼ ኤሌክትሪክ መማር እፈልጋለሁ፤ አሠሪዬም «ወረቀቱን ብትይዝ ፋብሪካ ይወስድሃል» ይለኛል። ይህን ሐሳቤን ለአጎቴ ፍንጭ ብሰጠው «እናትህ የሰው ቤት ወለል የምትወለውለው አንተ ሽቦ እንድትጠቀልል ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ የክፍሌ ልጅ ደግሞ ፈተናውን ትተን በባቲ በኩል እንውጣ ይለኛል።

ዝም ብዬ ልፈተንና የመጣው ይምጣ? ወይስ ለእናቴ ልንገራት? ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ እፈራለሁ።

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

*

ልጄ፣

ፍራሽህ ሥር ካለው 3,500 ብር ልጀምር። በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ይዞ ለኮሚቴውም ሳይከፍል፣ ለራሱም ሳያጠፋ ማስቀመጡ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደው ይነግረኛል፤ እናቱን የናቀ ልጅ እንዲህ አይጨነቅም። «74 አመጣሁ» ያልኸው ወገቧን ባመማት ማታ ነው። ልታጽናናት ብለህ የጣልኸው አንድ ቃል ድንኳን እስከ ማስጣል ይደርሳል ብለህ አልገመትህም፤ በዚህም አልወቅስህም። ይሁን እንጂ ቃሉ በየሳምንቱ እያደገ ነው። 74 የነበረው 78 ሆነ፣ 78ቱ ሐኪም ሆነ፣ ቀጥሎ የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል።

ልንገራት ወይስ ዝም ልበል ላልኸው ሐሳቤን ሳልሸፋፍን ልስጥህ፦ ንገራት፤ ትኬቱም ሳይቆረጥ ንገራት። ይህን የምለው እውነት መናገር ደግ ነው ከሚል ብቻ አይደለም፣ ያን አንተም ታውቀዋለህ። የቀን መቁጠሪያውን ይዘህ እስኪ አብረን እናስላው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ግድም ነው። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ አንተም ብርድ ልብስህን ይዘህ፣ ስልክህን ቤት ትተህ ለቀናት ትገባለህ። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ደግሞ ሌሊቱ ሳይቀር ለጥናት የሚፈለግባቸው ናቸው። እናትህ በአንድ ወር ፈቃዷ ሰኔ ላይ ብትመጣ፣ ግማሹን ጊዜ አንተ በድንኳኑ ጩኸት መካከል ልታጠና ትታገላለህ፣ የቀረውን ደግሞ ግቢ ውስጥ ነህ። ውጤቱስ መቼ ነው የሚነገረው? ባለፉት ሦስት ዓመታት የተነገረው በጳጉሜንና በመስከረም ነበር። እንግዲህ እናትህ ውጤቱ ላልታወቀ ፈተና ደግሳ፣ ሰፈሩን አብልታ፣ የዘጠኝ ዓመት ጥሪቷን አፍስሳ ወደ ሪያድ ትመለሳለች፤ እውነቱን የምትሰማው በመስከረም፣ ብቻዋን፣ በሰው ቤት ሆና ነው። ከዚህ ይልቅ ዛሬ ብትሰማው አይሻላትም?

«ትሞትብኛለች» ያልኸውን ቃል አቅልዬ አላየውም። ግን እስኪ አንድ ጊዜ ቆም ብለህ አስብ። ይህች ሴት ባሏን በወጣትነቷ ቀብራለች፤ የአሥር ዓመት ልጇን ለእናቷ ጥላ ቋንቋውን ወደማታውቀው አገር ሄዳለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት እያደረች፣ ወገቧን እያመማት አንድም ወር ሳታጓድል ልካለች። ይህ ሁሉ ያልሰበራት ሴት 46 የሚል ቁጥር ይሰብራታል? ትቆጣለች፤ ታለቅስም ይሆናል፤ ምናልባት አንድ ሐሙስ ስልክ አታነሣም። ይህን ጠብቀህ ግባ። እኔ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ነገሩን ከአጎትህ ወይም ከጎረቤት አፍ ብትሰማው ነው፤ ያን ጊዜ የሚያማት ቁጥሩ ሳይሆን ከአንተ አለመስማቷ ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ በድምፅ መልእክት ቀድተህ አትላክላት። በሥራ መካከል እጇ ሳሙና እንደነካ ከፍታ የምትሰማው ወሬ አይደለም። የተለመደው የሐሙስ ማታ ጊዜያችሁ ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን፣ ቢቻል ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰዓት፣ አያትህ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ተቀምጠህ ለእሳቸው ንገራቸው። እናትህ ከአንተ ጋር ተነጋግራ ስልኩን እንደዘጋች መልሳ የምትደውለው ለእናቷ ነውና፣ አያትህ ነገሩን ያን ጊዜ እንደ አዲስ ከሚሰሙት ቀድመው አውቀውት፣ ተቆጥተውም ከሆነ ቁጣቸው በርዶ ቢያገኛቸው ይሻላል። አጎትህን ለጊዜው ተወው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቃሉስ? ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም። እኔ ብሆን እንዲህ እላት ነበር፦ «እማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ፤ እስክጨርስ ስሚኝ። ሞዴሉን 74 እና 78 አመጣሁ ያልሁሽ ውሸት ነው። የመጀመሪያው 41፣ ሁለተኛው 46 ነው። ያን ቀን አሞሽ ስለነበር ላስደስትሽ ብዬ ነው፤ ከዚያ መመለስ አቃተኝ። አሁን የምነግርሽ ትኬት ሳትቆርጪ እንድታውቂው ነው።» ከዚህ በኋላ ዝም በል። ዝምታው ቢረዝም ለመሙላት አትቸኩል፤ በተለይ ስለ ፖሊ ቴክኒክና ስለ ሞተር ያን ማታ አንድም ቃል አታንሣ። ሁለቱን በአንድ ምሽት ከደራረብኸው፣ የሞተሩ ነገር ለውሸቱ ማምለጫ የፈለግኸው ሰበብ ይመስላታል፤ ሐሳብህ ደግሞ እንዲህ ሊወረወር የሚገባው አይደለም። ለእሱ ሌላ ሐሙስ አለ።

አሁን ወደ 46ቱ እንምጣ፤ አንተ እንደ ፍርድ አይተኸዋልና። ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ፣ በድምሩ ከ600 ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ፣ ማለትም 300። የመጀመሪያው ሞዴልህ 246 መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው 276። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል 30 ነጥብ ጨምረሃል፤ የቀረህ ደግሞ 24 ነው፤ ለስድስት ትምህርት ስታካፍለው በየትምህርቱ 4 ነጥብ። የሞዴሉና የብሔራዊው ክብደት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ «ታልፋለህ» ብዬ አልሸነግልህም። ግን «አላልፍም» ብሎ ደብተር የሚያስከድን ውጤት ይህ አይደለም። ከስድስቱ የትኛው ላይ ነው 4 ሳይሆን 8 ማግኘት የምትችለው? የወረቀቶችህን መልስ ይዘህ፣ የማታውቀውን ጥያቄ ከምታውቀውና በችኮላ ከሳትኸው ለይተህ በቀይ እስክሪብቶ አስምርበት። በችኮላ የጠፋው ብቻውን ከ24 ቢበልጥ አልደነቅም።

ይህን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንተ የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበርህ፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ደግሞ የ8ኛ ክፍል። የሒሳብ መሠረት የሚጣለው በእነዚያ ክፍሎች ነው። የእናንተ ዕድሜ ልጆች ውጤት ሲነሣ «ስንፍና ነው» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ከአሁኑ እስከ ፈተናው ባለው ጊዜ የ12ኛውን ብቻ ከማገላበጥ፣ በየማታው ግማሽ ሰዓት የ8ኛና የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ብትሠራበት የ12ኛው ፊዚክስ ሳይቀር ይቀልልሃል።

እናትህ ደግሞ በእጇ የያዘችው መለኪያ የድሮው ነው፤ ይህን በሁለተኛው ሐሙስ በትዕግሥት ልታስረዳት ይገባል። እሷ ስትሄድ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ባለው ቦታ እየታየ ይቆረጥ ነበር፤ 12ኛ ክፍል የደረሰ የጎረቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል መስማት ለእሷ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ቁርጡ 50 በመቶ ነው። ይህ ከተጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ባለፈው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ አላለፈም ማለት ነው። ቁጥሩን የምሰጥህ እንድትፈራበት አይደለም፤ 276 ያመጣ ልጅ ምን ያህል እንደተጠጋ እናትህ እንድታይበት ነው።

ፖሊ ቴክኒክ ሲባል አጎትህን የሚያንገሸግሸውም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ነጥብ የሞላለት ወደ መሰናዶ፣ ያልሞላለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበርና፣ ቴክኒክና ሙያ በሰው ጆሮ «የወደቀ መግቢያ» ተብሎ ቀረ። ያ ፈተና ከቀረ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀርቷል። አጎትህ ክፉ ሰው አይመስለኝም። እህቱ የምትወለውለው ወለል ከፊቱ ድቅን ሲልበት የተናገረው ነው። ክርክር አትግጠመው። ይልቅ አንድ ቅዳሜ «ና፣ የምሠራበትን እይ» ብለህ ሱቁ ድረስ ውሰደው፤ ተቃጥሎ የመጣ ሞተር ስትፈታ፣ ዙሩን ስትቆጥር፣ ቫርኒሽ ቀብተህ ስታደርቅና መልሰህ ስታስነሣው ቆሞ ይይ። በአፍ ብዙ ብትከራከረው የማይቀበለውን በዓይኑ ካየ ሊያመዛዝነው ይችላል። አያትህም ቢሆኑ፣ ደሴ ላይ ያለው ፖሊ ቴክኒክ የእቴጌ መነን እናት በሆኑት በወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ስም የተጠራ መሆኑን ብትነግራቸው፣ «ስኂን» የሚለው ስም በወሎ የተማረ ሰው መፍለቂያ ሆኖ የኖረ ነውና የሚያፍሩበት አይመስለኝም።

ደግሞም አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ። ሞተሩን የምትወደው ስለምትወደው ነው ወይስ ሱቁ ውስጥ ስለ ውጤት የሚጠይቅህ ሰው ስለሌለ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። መለያው እንዲህ ነው፦ ነገ ፈተናው በ320 አለፍህ ቢሉህ፣ ሞተሩ አሁንም በሐሳብህ ይመጣል? ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ ለምን እንደሚቃጠል፣ አሠሪህ ስለነገረህ ብቻ ነው የምታውቀው ወይስ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስድህም? እዚያ ጠረጴዛ ላይ በጣትህ የምትቆጥረው የሽቦ ዙር፣ በፊዚክስ መጽሐፍህ ውስጥ ስለ መግነጢስና ስለ ጠመዝማዛ ሽቦ ከሚለው ምዕራፍ ጋር አንድ ነገር መሆኑን አስተውለህ ታውቃለህ? ካላስተዋልህ፣ ዛሬ ማታ ያን ምዕራፍ ሱቅ ውስጥ ያየኸውን እያሰብህ አንብበው።

እኔ እንደማየው ዩኒቨርሲቲና ሞተር የሚጣሉ መንገዶች አይደሉም፤ ኮምቦልቻ ላይ ይገናኛሉ። 300 ከሞላህ ቅድሚያ ምርጫህን ወሎ ዩኒቨርሲቲ አድርገህ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰህ፣ ነጥብህ ከፈቀደ ኮምቦልቻ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና መማር ትችላለህ። ትምህርት ክፍል የሚደለደለው በዚያ ዓመት ውጤት ስለሆነ፣ ማለፍ ብቻውን «ሐኪም» አያሰኝም፤ ይህን እናትህ ብታውቀው ለአሠሪዎቿ የነገረቻቸው ነገር ቀድሞውኑ ርቆ የሄደ መሆኑን ትረዳለች። ሲጨርሱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ አይያዝም። ከ300 ትንሽ ብትጎድል፣ በየዓመቱ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን የሬሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ መቁረጫ ነጥብ ጠብቅ፤ ከሞላህ ለወራት ተምረህ፣ ፈተናውን ካለፍህ ወደ መጀመሪያው ዓመት ትገባለህ። ያ ሁሉ ካልሆነ ወይም አንተ ካልፈለግኸው ፖሊ ቴክኒኩ አለ፤ ደሴም ኮምቦልቻም። በዚያ ሥልጠናው በደረጃ ነው። ከሰዓቱ 70 በመቶው ለተግባር እንዲውል የተቀመጠ ሲሆን፣ ደረጃውን ጨርሶ የብቃት ምዘናውን፣ እናንተ ሲኦሲ የምትሉትን፣ ያለፈ ሰው ኋላ ወደ ዲግሪ የሚቀጥልበት በርም አለው።

ስለዚህ ከሦስቱ የቱን እንደምትይዝ ዛሬ መወሰን አይጠበቅብህም፤ የሚወስነው ውጤት ገና አልመጣም። ዛሬ የሚጠበቅብህ መጠየቅ ነው። ከትምህርት መልስ አንድ ቀን ወደ ፖሊ ቴክኒኩ ሬጅስትራር ሂድና ባለፈው ዓመት በኤሌክትሪክ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በስንት ነጥብ፣ በየትኛው ደረጃ እንደተቀበሉ፣ ምዝገባው መቼ እንደተከፈተ፣ ሠልጣኞቹ ለተግባር ልምምድ የት የት እንደሚወጡ ጠይቀህ ደብተርህ ላይ ጻፍ። ከዚያ ወርክሾፑን አሳዩኝ በል። ማሽኖቹ አቧራ ለብሰው ከሆነ አቧራ ለብሰዋል ብለህ ጻፍ። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ሚኒባስ ይዘህ የሀረጎን ቁልቁለት ውረድና የኮምቦልቻውን ኮሌጅ እይ፤ ሁለቱን ሳታወዳድር አትመዝገብ። አሠሪህ «ወረቀቱን ብትይዝ ፋብሪካ ይወስድሃል» ያለህ እውነትነት አለው፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቢራ ፋብሪካውም፣ የብረታ ብረት ፋብሪካዎቹም፣ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክም ያለ ሞተር አይሠሩም። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ አንዳንዶቹ በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድተው እንደነበር ታውቃለህ፤ ሥራ ሁልጊዜ በር ከፍቶ አይጠብቅም። ሞተር ይዘው ከሚመጡት የጥገና ሠራተኞች አንዱን «አንተ እንዴት ገባህ? ምን ተምረህ?» ብለህ ጠይቀው። ከእኔም ከአሠሪህም ይልቅ የእሱ መልስ ይጠቅምሃል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈህ ስትጨርስ፣ ለእናትህ በሁለተኛው ሐሙስ የምታነብላት ያን ገጽ ነው።

በደብዳቤህ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፍኸውን የባቲን ነገር ግን እኔ አላልፈውም። የክፍልህ ልጅ የሚልህ መንገድ አፋርን አቋርጦ፣ በጅቡቲ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ነው። በዚያ ባሕር ከወሎ የወጡ ስንት ልጆች እንደቀሩ በየሰፈሩ ለቅሶ የደረሰ ሰው ያውቀዋል፤ ባሕሩን የተሻገረውንም ወዲያ ማዶ ጦርነት የሰነበተበት አገርና ገንዘብ አምጡ የሚሉ አጋቾች ይጠብቁታል። አጋቾቹ ስልክ የሚደውሉት ለማን ይመስልሃል? ሪያድ ላለችው እናትህ ነው። ልጁን ተሳድበህ አታባርረው፤ እሱም እንዳንተ የሚደብቀው ውጤት ይኖረው ይሆናል። «ሞዴሉን ስንት አመጣህ?» ብለህ ጠይቀውና ቀዩን እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ይህ ሐሳብ ሌሊት ሌሊት እየመጣ የሚያስጨንቅህ ከሆነ ግን ሐሙስን አትጠብቅ፤ ለአያትህ ወይም ለምትቀርበው መምህር ያንኑ ቀን ንገር።

የቀረው ድግሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥቁር ጋዎን ለብሶ፣ ድንኳን ተጥሎለት ገና ላልተፈተነው ፈተና መመረቁን እኔ ከድሮም አልወደድሁትም፤ ይህ የእኔ የአሮጊት ጠባይ ነው ብለህ ልትተወው ትችላለህ። ከጓደኞችህ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ተምራችሁ መሰነባበታችሁ ግን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከዚያ ራስህን አታግልል። እናትህንም «አትምጪ» እንዳትላት፤ የዘጠኝ ዓመት ናፍቆት ነው። «በመስከረም ነይልኝ፤ ውጤቱን አንድ ላይ እንክፈተው፣ መጥፎም ቢሆን አጠገብሽ ልሁን» በላት፤ አሠሪዎቿ ፈቃዱን ወደዚያ ይገፉላት እንደሆነ ትጠይቅ። የበጉና የድንኳኑ ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወይም ለሬሚዲያል ጊዜ ወጪ ምን ያህል እንደሚሆን አስልተህ በዚያው ገጽ ላይ ጻፍላት፤ የምትወስነው እሷ ናት፣ ገንዘቡ የላቧ ነው። ለፈተና በምትገባበት ዋዜማ አያትህ ጎረቤት ጠርተው ቡና ያፍሉ፣ በረካው ላይ ዱአ ያድርጉልህ። በወሎ ምርቃት የሚባለው ነገር ድሮም እንዲያ ነበር፤ ድንኳን አይጠይቅም።

ሰኞ ለኮሚቴው የመጽሔቱን ድርሻ ብቻ ክፈል፤ ስምህና ፎቶህ ከጓደኞችህ መካከል እንዳይቀር። የጋዎኑን ነገር ከሐሙስ በኋላ እነግራችኋለሁ በላቸው፤ ቀሪውን ብር ከፍራሹ ሥር አውጥተህ ለአያትህ በአደራ ስጣቸው።